ባል ጠጥቶ የጋራ መኪናቸውን አጋጨ፣ ፍቺውም ገና በፍርድ ቤት ነው፦ ዕዳው የማን ነው?

ጠያቂ፦ ሚዛን

የሰዎቹ ማንነት ስለማያስፈልግ ጉዳዩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ባልና ሚስት ናቸው። የፍቺ አቤቱታ ከገባ ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል፤ ፍርድ ግን አልተሰጠም። መኪናዋ የተገዛችው በትዳር ውስጥ ነው፣ ሊብሬው ግን በሚስት ስም ብቻ ነው። ባልየው ማታ ጠጥቶ ሲነዳ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። የሌላኛው መኪና ሹፌር አንገቱን አሞታል፣ ሁለቱም መኪኖች ተጎድተዋል። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን አንስቷል። ባልየው በቦታው ትንፋሹ ተለክቷል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሆስፒታል ደም ተወስዶለታል። መኪናዋ የሦስተኛ ወገን መድንም፣ ለራሷ ጉዳት ሽፋንም አላት።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። መኪናዋ በስሟ ስለሆነች ብቻ ሚስት ትጠየቃለች? ኢንሹራንሱ "ሹፌሩ ጠጥቷል" ብሎ አልከፍልም ማለት ይችላል? የደሙ ውጤት ከገደቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢመጣ ባልየው ነጻ ወጣ ማለት ነው? ፍቺውን አፋጥኖ መጨረስስ ሚስትን ከዕዳው ያድናታል? ሕጉ እንደየአገሩ እንደሚለያይ አውቃለሁ። የምፈልገው በአብዛኛው ቦታ የሚሠራውን አካሄድና ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ ነው።


መልስ፦ ችሎት_አዘውታሪ

ግጭቱ አንድ ነው፣ የሚከፈተው መዝገብ ግን አራት ነው። ወንጀሉ በባልየው ላይ በዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። የመንጃ ፈቃዱ እገዳ በፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በኩል ለብቻው ይሄዳል። ካሳውን ተጎጂው ከሹፌሩም ከባለንብረቷም ይጠይቃል። አራተኛው ፍቺው ነው። አራቱም የየራሳቸው ማስረጃ መመዘኛና የጊዜ ገደብ አላቸው፤ የአንዱ ውሳኔ ሌላውን በራሱ አይዘጋም።

ለምሳሌ በወንጀል ጥፋተኛ ለማለት በቂ ጥርጣሬ መቅረት የለበትም። ለካሳ ግን የከሳሹ ማስረጃ ሚዛን ከደፋ ይበቃል። በዚህ ምክንያት በወንጀል ነጻ የተባለ ሹፌር ካሳ ክፈል ሲባል አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 የወንጀል ችሎቱ ነጻ ማለቱ የካሳውን ዳኛ እንደማያስገድድ በግልጽ ያስቀምጣል፤ የሌሎች ብዙ አገሮች ሕግም ከዚህ አይርቅም።

ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ባልየው በወንጀል ችሎት "አዎ አጥፍቻለሁ" ካለ ያ ቃል ካሳው ላይ ይከተለዋል። በአሜሪካ አንዳንድ ተከሳሾች "አልከራከርም" የሚለውን መልስ የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፌዴራሉ የማስረጃ ደንብ ቁጥር 410 መሠረት ይህ መልስ በካሳ ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም። አማራጩ በሌለበት አገር ደግሞ የወንጀሉ ጠበቃ የካሳው ክስ ወንጀሉ እስኪያልቅ ባለበት እንዲቆይ ማመልከት ይችላል። የሚፈቀደው ሁልጊዜ አይደለም፣ መጠየቁ ግን አይጎዳም።

የሊብሬው ጥያቄ አገሮችን ለሁለት ይከፍላል። በአንደኛው ወገን የመኪናው ባለንብረት ወይም ያዥ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081፣ የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 7ና የፈረንሳይ የ1985 እ.ኤ.አ. ሕግ እዚህ ይመደባሉ። "መኪናዬ ተሰርቆብኝ ነበር" የሚል መከላከያ በኢትዮጵያ ሕግ አለ፤ ነገር ግን ቁልፉ በእጁ የነበረን ባል ሌባ ነው ብሎ ማስረዳት ዘበት ነው። በሌላኛው ወገን፣ እንግሊዝንና በርካታ የአሜሪካ ግዛቶችን ጨምሮ፣ ስሟ ሊብሬው ላይ መኖሩ ብቻውን አያስጠይቃትም። ባልየው ሰካራም መሆኑን እያወቀች ቁልፉን እንደሰጠችው ተጎጂው ማሳየት አለበት። ኒው ዮርክ ከዚህ ይለያል፦ ባለንብረቱ ፈቅዶ ለሰጠው ሹፌር ጥፋት ይጠየቃል።

ብዙ ሰው የማያየው አደጋ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሚስት በፍቺው አቤቱታ ላይ ባሏን ለማሳጣት "ለዓመታት ጠጥቶ ሲነዳ ስለምነው ኖሬያለሁ" ብላ በቃለ መሐላ ታጽፋለች። ዓረፍተ ነገሩ ለፍቺው ይጠቅም ይሆናል። ካሳው መዝገብ ላይ ሲቀርብ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ እያወቀች መኪናዋን አስረከበችው ማለት ነው። ለኢንሹራንሱም መከራከሪያ ታቀብላለች። የፍቺው ጠበቃና የካሳው ጠበቃ ሁለት ሰዎች ከሆኑ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ለፍርድ ቤት መግባት የለበትም።

ባልየው ስለጠጣ ብቻ ጥፋቱ መቶ በመቶ የእሱ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። ስካሩ ለግጭቱ ምክንያት መሆኑ መታየት አለበት። ሌላኛው ሹፌር ቀይ መብራት ጥሶ ከሆነ ኃላፊነቱ ይከፋፈላል። የኢትዮጵያው ሕግ ቁጥር 2084 ከዚህም ያልፋል፦ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳዋጡ ይገመታል፣ ጉዳቱም ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ የአንዱ ሹፌር ብቻ ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። ሌላው ጽንፍ አላባማ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይናና ቨርጂኒያ ናቸው፤ እዚያ ተጎጂው ራሱ ጥቂት ጥፋት ካለበት በመርሕ ደረጃ ምንም አያገኝም።

ለዚህ ክርክር ፕላኑ ወሳኝ ነው። ቅጂውን ቶሎ ውሰዱና የፍሬን ምልክቱ ርዝመት፣ የመንገዱ ስፋት፣ መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ተለክቶ መስፈሩን እዩ። በደረቅ አስፋልት 20 ሜትር የጎማ ምልክት ካለ፣ የሰበቃው መጠን 0.7 ተብሎ ሲሰላ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ቢያንስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄድ ነበር ማለት ነው። "ቢያንስ" ያልኩት ምልክቱ ያለቀው መኪናው በቆመበት ሳይሆን በተጋጨበት ቦታ ከሆነ የቀረው ፍጥነት ስለሚደመር ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው መኪና ምልክቱ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይሳታል።

ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሰከንዶች ፍጥነትና የፍሬን አያያዝ ይመዘግባሉ። ኤርባግ ከፈነዳ መረጃው ይቆለፋል፤ ካልፈነዳ ግን በኋላ በሚመጣ ክስተት ሊደመሰስ ይችላል። ስለዚህ መኪናዋ ሳትመረመር ጋራዥ አትግባ፣ ለአሮጌ ብረት ገዢም አትሰጥ። በአካባቢው ካሜራ ካለ በላዩ ሳይቀዳበት ቅጂው እንዲቀመጥ ለባለቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው።


መልስ፦ ቱቦና_ማኅተም

ስለ ደሙ። "ከገደቡ ትንሽ ዝቅ" የሚለው ውጤት ብዙ ሰው እንደሚያስበው አያድንም፤ "ትንሽ በለጠ" የሚለውም ሁልጊዜ አያስቀጣም።

አስቀድሞ አሃዱን አጥሩ። በመቶ ሚሊ ሊትር 0.08 ግራምና በሊትር 0.8 ግራም አንድ ናቸው። ሁለት ወረቀት ላይ በተለያየ አሃድ ተጽፎ አሥር እጥፍ ልዩነት ያለ መስሎ ሰው ሲደነግጥ ይታያል። ገደቡም ይለያያል፦ ስዊድን በሺህ 0.2፣ ጀርመን በሺህ 0.5 (አነዳዱ የስካር ምልክት ካሳየ ግን ከ0.3 ጀምሮ ወንጀል ሊሆን ይችላል)፣ እንግሊዝ 0.8፣ ስኮትላንድ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ 0.5። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች 0.8 ላይ ሲሆኑ ዩታ ወደ 0.5 ወርዳለች።

አሁን ስሌቱ። ግጭቱ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ደም የተወሰደው 4 ሰዓት ላይ፣ ውጤቱ 0.45፣ ገደቡ 0.5 ይሁን። ሰውነት በሰዓት በግምት ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም በሊትር ያስወግዳል። ወደ ኋላ ሲቆጠር 2 ሰዓት ላይ ከ0.65 እስከ 0.85 ነበር ይባላል፤ ከገደቡ በላይ። የዐቃቤ ሕግ ባለሙያ የሚያቀርበው ይህን ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን መጠጡ ግጭቱ ከመድረሱ በፊት ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ገብቶ ካለቀ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ሆድ ሙሉ ከሆነም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ባልየው የመጨረሻውን የጠጣው ለግጭቱ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከሆነ መጠኑ ገና እየወጣ ነበር፤ ወደ ኋላ መቁጠሩ መሠረት ያጣል። ስለዚህ ሰዓት የታተመበት የመጠጥ ቤት ሒሳብ፣ ምን እንደበላና መቼ እንደበላ የሚያስረዳ ምስክር ከላብራቶሪው ወረቀት እኩል ዋጋ አላቸው። "ከግጭቱ በኋላ ደንግጬ ጠጣሁ" የሚለው መከላከያ ግን የታወቀ ስለሆነ ምን፣ ስንት፣ ማን እያየው የሚል መስቀለኛ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

በመንገድ ላይ የሚነፋው ትንሹ መሣሪያ በብዙ አገር ለማጣሪያ ብቻ ነው፤ ለፍርድ የሚቀርበው የጣቢያው ትልቅ መሣሪያ ወይም ደም ነው። ትንፋሽ ከመለካቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ሰውዬው ሳይጠጣ፣ ሳያስመልስ፣ ሳያገሳ በዓይን ክትትል ሥር መቆየት ነበረበት። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ንባቡን ሰማይ ያደርሰዋል።

ደሙ ሲወሰድ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ቆዳው የተጠረገው አልኮል በሌለው ማጽጃ ነው? ቱቦው ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ ነበር? እሱ ከሌለና ናሙናው ሙቀት ውስጥ ከቆየ ተሕዋስያን ስኳሩን አብላልተው እዚያው ቱቦ ውስጥ አልኮል ሊያመርቱ ይችላሉ። ማኅተሙ ላይ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ አለ? ከነርሷ እጅ እስከ ላብራቶሪ ማን ተረከበ፣ ማን አስረከበ? ሁለተኛ ቱቦ ከተቀመጠ በራስ ወጪ በሌላ ላብራቶሪ ማስመርመር ይቻላል፤ ጥያቄው ግን ናሙናው የሚወገድበት ቀን ሳይደርስ በጽሑፍ መግባት አለበት።

በዚህ ጉዳይ በተለይ የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ደሙ የተወሰደው በሆስፒታል ነው ብለሃል። ሆስፒታሎች ለሕክምና ሲመረምሩ ብዙ ጊዜ የሚለኩት ሴረሙን፣ ማለትም የደም ሕዋሳቱ ከተለዩ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ ነው፤ የሴረም ንባብ ከሙሉ ደም በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 በመቶ ይበልጣል። ሴረም ላይ 0.58 የወጣው በሙሉ ደም ሲመለስ 0.5 አካባቢ ነው። የውጤቱ ወረቀት "ሴረም" ይላል ወይስ "ሙሉ ደም" የሚለውን ሳታዩ ገደቡ አለፈ አላለፈ ብላችሁ አትከራከሩ።

አልነፋም፣ ደም አልሰጥም ማለት በብዙ ቦታ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ መንጃ ፈቃዱንም ቶሎ ያሳግዳል። የእገዳውን መዝገብ ሰው ይረሳዋል። የአቤቱታው ጊዜ በቀናት ሊቆጠር ስለሚችል የወንጀሉን ቀጠሮ እየጠበቁ ማለፉ የተለመደ ነው።


ሚዛን፦

አመሰግናለሁ። ተጎጂው "አንገቴን ብቻ ነው፣ ትንሽ ገንዘብ ስጡኝና እንለያይ" እያለ ነው። ቶሎ መጨረስ አይሻልም?


መልስ፦ የካሳ_ጠረጴዛ

መጨረሱ ይሻላል፣ አጨራረሱ ግን እንደሱ አይደለም። የመድን ውሎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትን ማመንም፣ ከተጎጂ ጋር መዋዋልም ይከለክላሉ። ባልና ሚስቱ በራሳቸው ከተስማሙ ኩባንያው "ውሉን ጥሰዋል" ብሎ የከፈሉትን ላለመተካት ሰበብ ያገኛል። መጀመሪያ የአደጋ ማሳወቂያው በውሉ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፣ የተቀበሉበት ማኅተም ያለው ቅጂም ይቀመጥ። ማሳወቂያው ላይ ቦታ፣ ሰዓት፣ አቅጣጫ፣ የምስክር ስም ይጻፍ። "ጥፋቱ የኛ ነው" የሚል ቃል አይጻፍ። ስለ መጠጡ ከተጠየቀ ግን ውሸት አይጻፍ፤ ሐሰተኛ መግለጫ መድኑን ከሥሩ ሊያፈርሰው ይችላል። ምርመራ ላይ ነው፣ ውጤቱ ሲመጣ እናሳውቃለን ማለት በቂ ነው።

መጠጡን በተመለከተ ሁለቱን ሽፋኖች ለዩ። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን የተሠራው ለተጎጂው ስለሆነ በብዙ አገር ኩባንያው ለተጎጂው ይከፍልና ዞሮ ሹፌሩን ወይም መድን ገቢውን (መድኑ በስሙ የተገዛለትን ሰው) ይጠይቃል። በጀርመን ይህ መልሶ የመጠየቅ መብት እስከ 5,000 ዩሮ ተገድቧል፤ ገደብ በሌለበት አገር ዕዳው ሙሉ ነው። የራስ ጉዳት ሽፋኑ ግን በስካር የተነሳ የደረሰን ጉዳት ብዙ ጊዜ ያስቀራል።

ተስፋ ያለው የአንቀጹ ቃል ላይ ነው። አንዳንዱ ውል "ማንኛውም ሹፌር ጠጥቶ ሲነዳ" ይላል፤ በሩ ተዘጋ። ሌላው ደግሞ "መድን ገቢው እያወቀ ወይም ፈቅዶ" የሚል ጨምሯል። መድኑ በሚስት ስም ከሆነና መጠጣቱን ካላወቀች የሁለተኛው ዓይነት ውል ሊያድናት ይችላል። ከላይ ስለ ፍቺው አቤቱታ የተባለው እዚህም ይሠራል።

አንገት የዛሬ ሕመም አይደለም። ከግጭት በኋላ ሕመሙ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ ሊጀምር ወይም ሊብስ ይችላል፤ እጅ የሚያደነዝዝ ነገር ካለ ደግሞ ምርመራው ሌላ ነው። ለተጎጂው ወገን ምክሩ ግልጽ ነው፦ የሐኪም ማስረጃ ሳይወጣ የመጨረሻ ስምምነት አይፈረም። ለእነዚህኛዎቹ ወገን ደግሞ እጅ በእጅ ተሰጥቶ ወረቀት ያልተጻፈበት ገንዘብ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ስምምነቱ ሲጻፍ አራት ነገር ይኑርበት፦ የግጭቱ ቀንና ቦታ፣ ክፍያው የንብረቱን ብቻ ነው ወይስ የአካሉንም፣ ወደፊት የሚታይ ጉዳትም ተካቷል ወይ፣ ከኃላፊነት የሚወጡት እነማን ናቸው። አራተኛው ላይ የሹፌሩ ስም ብቻ ተጽፎ የባለንብረቷ ከቀረ ተጎጂው ነገ በእሷ ላይ መምጣት ይችላል። ባልየው ቸኩሎ የሚፈርመው ወረቀት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ተጎጂው መኪናውን በራሱ ኢንሹራንስ አሠርቶ ከሆነ ያ ኢንሹራንስ በተጎጂው ቦታ ተተክቶ የሚጠይቀው መብት አለው፤ ከተጎጂው ጋር ብቻ መስማማት እሱን አያስቀረውም። ይርጋውንም፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ አትርሱ። የኢትዮጵያው ሕግ በቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ድርጊቱ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን የወንጀሉ ይርጋ ይሠራል። እንግሊዝ ለአካል ጉዳት ሦስት ዓመት፣ ካሊፎርኒያ ለአካል ሁለት፣ ለንብረት ሦስት ዓመት ነው።


መልስ፦ የጋራና_የግል

ፍቺውን ማፋጠን ዕዳውን አያስቀርም። ግጭቱ የደረሰው ትዳሩ ሳይፈርስ ነው፤ ፍርዱ ነገ ቢሰጥ የዕዳው ቀን አይቀየርም። የሚለያየው የጋራ ሀብት መቁጠር የሚቆምበት ቀን ነው። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ቦታዎች ከተለያዩበት ቀን በኋላ ያለውን የግል ያደርጋሉ፣ ሌሎች እስከ ፍርዱ ቀን ይቆጥራሉ። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉት ቦታዎች ባለትዳሮቹ ግጭቱ ከመድረሱ በፊት ተለያይተው ይኖሩ ከነበረ ይህን ቀን በኪራይ ውል፣ በመልእክት፣ በባንክ ሒሳብ ማስረዳት ሚስትን ይጠቅማታል።

ቀጥሎ የሚነሳው ዕዳው ከየትኛው ኪስ ቀድሞ ይወጣል የሚለው ነው። ካሊፎርኒያ ድርጊቱ ለትዳሩ ጥቅም የተደረገ ካልሆነ መጀመሪያ ከአጥፊው የግል ሀብት፣ ካልበቃ ከጋራው ይከፈላል ትላለች። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (1992 ዓ.ም.) ቁጥር 70ም የአንዱን ተጋቢ ዕዳ በቅድሚያ ከግል ንብረቱ፣ ያ ከሌለ ከጋራ ሀብቱ ያስከፍላል። ባልየው ልጅ ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲሄድ ተጋጨ ወይስ ከመጠጥ ቤት ሲመለስ የሚለው እንግዲህ ተራ ጥያቄ አይደለም።

በፍቺ ስምምነቱ ላይ "የግጭቱን ዕዳ ባል ይከፍላል" ተብሎ ቢጻፍ ውሉ የሚያስረው ሁለቱን ብቻ ነው። ተጎጂው፣ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ አልፈረሙበትም። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ ሚስት በዚህ ግጭት ምክንያት ማንኛውንም ገንዘብ ከከፈለች ባል ከነወለዱና ከጠበቃ ወጪው ይተካላታል። ከዚያም መተኪያው ከምን እንደሚወጣ መያዣ ይጠቀስ፤ ለምሳሌ ከቤቱ ሽያጭ ከባል ድርሻ ተቀንሶ በአደራ የሚቀመጥ ገንዘብ። መያዣ የሌለው የመተካት ቃል ባልየው ገንዘብ ሲያጣ ወረቀት ብቻ ነው።

ዕዳ ይመጣል ብሎ ቤቱን ለሚስት በርካሽ ማዛወር ደግሞ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ተጎጂው ከዕዳ ለማምለጥ የተደረገ ነው ብሎ ዝውውሩን ሊያስፈርሰው ይችላል። ያኔ ንጹሕ የነበረችው ሚስት ተባባሪ ሆና ትቀርባለች። በአሜሪካ ባልየው ኪሳራ ልወጅ ቢልም ጠጥቶ በመንዳት ላደረሰው የሞትና የአካል ጉዳት ያለበት ዕዳ በኪሳራው አይሰረዝለትም።

የጋራ ሀብቷ የመኪናዋ ጉዳትስ? የራስ ጉዳት ሽፋኑ ካልከፈለ ሚስት መኪናዋ ከግጭቱ በፊት የነበራት ዋጋ ተገምቶ ልዩነቱ በባል ድርሻ ላይ እንዲያዝ መጠየቅ ትችላለች። ለዚህ የገማች ሪፖርት ያስፈልጋል፤ ጋራዥ በቃል የተናገረው ዋጋ አይበቃም። የወንጀሉ መቀጮና የባል ጠበቃ ክፍያም ከጋራ ሒሳብ እንዳይወጣ አሁኑኑ ታመልክት። መድኑን ተናዳ ከማሰረዝ ግን ትቆጠብ፤ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች የፍቺ ክስ በገባበት ቀን መድን መሰረዝን ይከለክላሉ፣ ካሊፎርኒያ አንዷ ናት።

ልጆች ካሉ አንድ የመጠጥ ክስ ብቻውን አባትን ከልጆቹ አይለይም። ዳኛው የሚጠይቀው ልጅ መኪናው ውስጥ ነበር ወይ፣ ከዚህ በፊትስ ተደጋግሟል ወይ የሚለውን ነው። ከልጆች ጋር በሚሆንበት ጊዜና ከዚያ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት እንዳይጠጣ፣ ወይም ልጆቹን ሌላ ሰው እንዲያመላልስ ማዘዝ ከሙሉ ክልከላ ይልቅ የተለመደ ነው። ትእዛዙ ክትትል ከሌለው ከንቱ ስለሆነ የምርመራውን ዓይነት ስም ጠርቶ መጠየቅ ይሻላል (ሁለቱም አልኮል ሰውነት ውስጥ የሚተወውን ምልክት የሚፈልጉ ናቸው)፦ በሽንት የሚታየው ኢቲጂ ሦስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ያሳያል፣ በደም የሚታየው ፒኢቲኤች ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። "የመጠጥ ምርመራ ይደረግ" ብቻ የሚል ትእዛዝ ከያዛችሁ ማታ ጠጥቶ ጠዋት የትንፋሽ ውጤት ንጹሕ ይዞ የሚመጣ አባት ታያላችሁ።


መልስ፦ ችሎት_አዘውታሪ

አንድ ጭማሪ ብቻ። ሁለቱም ስልካቸው ላይ ያለውን የዚያን ማታ መልእክት እንዳያጠፉ ንገራቸው። ክስ እየመጣ መሆኑን እያወቁ ማጥፋት በብዙ ችሎት "የጠፋው ነገር ይጎዳቸው ነበር" ተብሎ እንዲገመት ያደርጋል። ፎቶውን፣ መልእክቱንና የጥሪ ዝርዝሩን ከነሰዓቱ ገልብጠው ለየጠበቃቸው ይስጡ። የትኛው በየትኛው መዝገብ እንደሚቀርብ ጠበቆቹ ይወስኑ።